ካርቡሬተር ወይስ ኢንጀክሽን? ለድሮ ፔጆ ሱፐርቻርጀር ከማስገጠማችሁ በፊት

ደንገጎን በፔጆ 404 የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከድሬዳዋ ሲነሳ ቀልጠፍ ያለው ሞተር ዳገቱ በገፋ ቁጥር ይለግማል። ሐረር ፈረስ መጋላ ደርሳችሁ ካንዴላውን ስትፈቱት ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ሐረማያ ጋ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሐረር ትንሽ ይወርዳል። ሐረር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። የቤንዚኑ ቀዳዳ ታች እንደተለካ ነውና አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል።

ሱፐርቻርጀር ጉድለቱን ይሞላል። በሞተሩ ጉልበት፣ በቺንጋ እየዞረ አየር በግድ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ ፓምፕ ነው። አየሩን 1.4 እጥፍ የሚጨምቅ ብትገጥሙ ሐረር ላይ 0.8 ባር የነበረው የአየር ግፊት (ባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ገደማ ነው) ወደ 1.1 ባር ይጠጋል። ከፍታው የወሰደውን መልሶ ትንሽ ምርቃት ይጨምርላችኋል። 404 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 የወጣ መኪና ነው። ላረጀው 1,618 ሲሲ ሞተር ከዚህ በላይ ግፊት አልመክርም።

መጀመሪያ ሞተሩን አስመርምሩ

የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ አስለኩ። በመካከላቸው ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ሱፐርቻርጀሩ ይቆይ። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ግፊት መጨመር ገንዘብ ማቃጠል ነው።

መኪናው የት እንደሚውል አስቡ

ምርጫውን የሚወስነው ይኼ ነው። ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ካርቡሬተር ይበቃል። አንዴ ለሐረር አየር ከተስተካከለ አለቀ፤ ቢበላሽም የትኛውም የሰፈር መካኒክ ይፈታዋል። ድሬዳዋና ሐረር የሚመላለስ ከሆነ ግን ቤንዚኑን በግፊት የሚረጨው ኢንጀክሽን ይሻላል፤ ከፍታው ሲለዋወጥ ራሱ ያስተካክላል።

ካርቡሬተር ከመረጣችሁ ቦታውን ወስኑ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ካርቡሬተሩን ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ማስቀመጥ ነው። አየርና ቤንዚን ተቀላቅለው አብረው ይሳባሉ። ካርቡሬተሩ ግፊት ስለማያርፍበት ብዙ መቀየር አያስፈልገውም፣ የቀድሞው የቤንዚን ፓምፕም ደህና ከሆነ ይሠራል። ጉዳቱ ከሱፐርቻርጀሩ እስከ ሲሊንደር ያለው ቱቦ ሁሉ በቤንዚን ጭጋግ መሞላቱ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ከተኮሰ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ የግድ ይግባ። የተጨመቀውን አየር የሚያበርድ ራዲያተርም (ኢንተርኩለር) መሐል ላይ አታስገቡ፤ ቤንዚኑ እዚያው ይጠራቀማል።

ሁለተኛው ካርቡሬተሩን ከሱፐርቻርጀሩ በኋላ ማድረግ ነው። እዚህ ግፊቱ ካርቡሬተሩ ላይ ያርፋል። ቤንዚኑ ከግፊቱ በ0.2 ወይም 0.3 ባር በልጦ ካልመጣ ሞተሩ ልክ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ይራባል። ውስጡ ክፍት የሆነ የነሐስ ተንሳፋፊ በግፊት ሊጨፈለቅ ይችላል። ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ።

ኢንጀክሽን ከሆነ ኤሌክትሪኩን አዘጋጁ

ፔጆ ራሱ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ 404ን ኩገልፊሸር በተባለ ሜካኒካል ኢንጀክሽን ሸጦታል። እሱን አትፈልጉ፤ መለዋወጫው ያደክማችኋል። ኤሌክትሮኒኩን ያዙ። የሚያስፈልጋችሁ 3 ባር ገደማ የሚገፋ ፓምፕ፣ ትርፍ ቤንዚን ወደ ታንኩ የሚመልስ ቱቦ፣ አራት ኢንጀክተር፣ ኮምፒውተሩና የግፊት ሴንሰር ነው። የግፊት ሴንሰሩ ዋናው ነው። ደንገጎ ላይ አየሩ ሲሳሳ እሱ ያነባል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን ይቀንሳል። ማንም መፍቻ አያነሳም።

ሌላም ጥቅም አለው። በድሬዳዋ ሙቀት ቤንዚን ቱቦ ውስጥ ይተናል፤ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጎ መንገድ ዳር የሚጠብቅ ሹፌር ያላየ የለም። በ3 ባር ግፊት የተያዘ ቤንዚን በቀላሉ አይተንም። ግን የድሮውን ዲናሞ በአዲስ ዓይነት ቀይሩ። ፓምፑና ኮምፒውተሩ መብራት ይበላሉ። በላፕቶፕ የሚያስተካክል ሰውም ዕቃ ሳትገዙ በፊት አግኙ።

ከዚያ አስተካክሉ፣ ውጡና እዩ

ሁለቱም ላይ ማርሚታው ጋ የኦክሲጅን ሴንሰር ይገጠም። በዝግታ ሲነዳ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ገደማ ጥሩ ነው። ሱፐርቻርጀሩ ሲገፋ ግን ከ11.5 እስከ 12 ይሁን። በግፊት ጊዜ ቤንዚን ካነሰ ፒስተን ይቀልጣል።

በመጨረሻ ደንገጎን በማለዳ ውጡ። አናቱ ላይ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉና ሲበርድ ካንዴላዎቹን ፍቱ። ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ቀለም ካያችሁ ወደ ሐረር ቀጥሉ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን ቀንሱ። ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉበት ግን እነሱ የፒስተኑ አሉሚኒየም ናቸው፤ ቀስ ብላችሁ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ ተመለሱ።