ግድግዳው ለምን ተሰነጠቀ? ስቱኮ ከመምታታችሁ በፊት እዩት

ግድግዳ ሲሰነጠቅ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ስቱኮ ይመታል፣ ይቀባል፣ ለጊዜው ያምራል። ዝናቡ ሲመጣ ያው ስንጥቅ እዚያው ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ስለዚህ ለጊዜው አትድፈኑት፣ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

መጀመሪያ ስንጥቁ ልስኑ ላይ ብቻ መሆኑን አጣሩ። በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ለቋል ማለት ነው። ትንሽ ልስን አንሱና ከሥሩ ያለውን ብሎኬት እዩ። ብሎኬቱ ደህና ከሆነና ስንጥቁ ፀጉር የሚያህል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው፣ እንቅልፍ አያሳጣችሁ። ቢሙ (አግድም የተዘረጋው የኮንክሪት ተሸካሚ) እና ብሎኬቱ የሚገናኙበት ላይ ያለው ቀጭን አግድም መስመርም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው።

ብሎኬቱም ከተሰነጠቀ አቅጣጫውን ተከተሉ። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚወርድ ከሆነ መሠረቱን ጠርጥሩ። ላይ ሰፍቶ ታች ከጠበበ ብዙ ጊዜ የሰመጠው የቤቱ ጫፍ ነው፤ ታች ከሰፋ ደግሞ መሃሉ። በሮቹስ? ድሮ በደንብ ይዘጋ የነበረ በር አሁን ወለሉን የሚፍቅ ከሆነ ያው ታሪክ ነው።

ከዚያ ውሃ ፈልጉ። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከውሃ ነው፣ ምክንያቱም መሠረት ያለምክንያት አይሰምጥም፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው አፈር ረጥቦ ወይም ደርቆ ነው። አሸንዳው ውሃውን የት ነው የሚጥለው? ግድግዳው ሥር ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ይቻላል። የተቀበረ ቧንቧ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ደግሞ ማታ ቧንቧዎቹን ሁሉ፣ ታንከር ካለም ወደ እሱ የሚገባውን ጨምራችሁ ዝጉና የቆጣሪውን ፎቶ አንሱ፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ቁጥሩ ከተቀየረ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል ያወርደዋል። ቤቱ አጠገብ ትልቅ ዛፍ ካለ ውሃውን እየመጠጠ ያባብሰዋል። ጎረቤት በቅርቡ ቆፍሯል? ግድግዳ ፈርሷል፣ ፎቅ ተጨምሯል? እነዚህንም ጠይቁ።

ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ በሁለቱም በኩል በእርሳስ አንድ አንድ ነጥብ አድርጉ፣ በመሃላቸው ያለውን ርቀት ለኩ፣ ቀኑን እዚያው ግድግዳው ላይ ጻፉ። በየወሩ ድገሙት። በበጋ ተከፍቶ በዝናብ የሚገጥም ከሆነ አፈሩ ነው። በየወሩ እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ከሆነ መሠረቱ ገና አልረጋም፣ መሐንዲስ ለመጥራት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

ስንጥቁ ኮለን (ቤቱን የሚሸከመው የኮንክሪት ምሰሶ) ወይም ቢም ላይ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዉት። ፌሮው (ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት) በሄደበት መስመር የወጣ ስንጥቅ፣ ቡናማ የዝገት እድፍ፣ የተላጠ ኮንክሪት ካያችሁ ፌሮው ዝጓል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ኮለን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ከታየ ደግሞ ከዚያ ክፍል ውጡና መሐንዲስ ጥሩ፣ በፑንቴሎ (በጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ) የሚደገፈውም እሱ ባሳየው ቦታ ነው። መሠረቱን ለማየት ብላችሁም ግድግዳውን ተከትላችሁ ረጅም ቦይ አትቆፍሩ፤ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይበቃል፣ እሱም ከመሠረቱ በታች አይውረድ።