በጭንቅ ጊዜ ርኅራኄን ማሳደግ፦ ከመገመት ይልቅ መጠየቅ

ጭንቅ ወደ ቤት ሲገባ፣ ሕመምም ይሁን ሐዘን፣ ሥራ ማጣትም ይሁን ከቀዬ መፈናቀል፣ ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ ቀድሞ የሚያልቀው ትዕግሥት ነው። ደግ የነበረው አባት በትንሹ ይቆጣል፤ ተጫዋች የነበረችው ልጅ ታናሿን ትገፋለች። ይህን አይቶ «ልባቸው ደነደነ» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ በራሱ ጭንቀት የተሞላ ልብ ለሌላው ጭንቀት ቦታ ያጣል። ስለዚህ በልጁም ሆነ በራሱ ላይ ርኅራኄን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ምክሩን አቆይቶ በማረጋጋት መጀመር ይኖርበታል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ናንሲ አይዘንበርግ የሌላ ሰው ሥቃይ በተመልካቹ ላይ የሚፈጥራቸውን ሁለት ስሜቶች ለይተው አጥንተዋል። አንደኛው ለተጎጂው ማዘን ሲሆን ወደ መርዳት ይመራል፤ ሁለተኛው ተመልካቹ ራሱ ተጨንቆ ከዚያ ቦታ ለመሸሽ የሚፈልግበት ነው። ጓደኛው ሲያለቅስ ጆሮውን የሚደፍን ወይም የሚስቅ ልጅ በዚህ በሁለተኛው ስሜት ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ «አታፍርም?» ቢሉት ጭንቀቱ ይብስበታል እንጂ ወደ ጓደኛው አይቀርብም። በርከክ ብለው ከዓይኑ ጋር እኩል ይሁኑ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ዝም ይበሉ፤ ከዚያም «ደንግጠሃል መሰለኝ» በሚል አጭር ቃል ስሜቱን ይሰይሙለት። ስለ ጓደኛው የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። የራሱን ስሜት መሰየም የለመደ ልጅ የሌላውንም ለመለየት ይቀለዋል።

ከልጅ የምንጠብቀው ነገር ከዕድሜው ጋር መመጣጠን አለበት። ቤቲ ሬፓቾሊና አሊሰን ጎፕኒክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ አጥኚዋ በሕፃናት ፊት ብሮኮሊ የተባለውን አትክልት ስትቀምስ ደስታን፣ ብስኩት ስትቀምስ ደግሞ መጸየፍን አሳየች፤ ከዚያም እጇን ዘርግታ እንዲሰጧት ጠየቀች። የ14 ወር ሕፃናት በአብዛኛው ራሳቸው የሚወዱትን ብስኩት ሲሰጧት፣ የ18 ወሮቹ ግን እነርሱ የማይወዱትን፣ እርሷ የወደደችውን ብሮኮሊ አቀበሏት። ሌላው ሰው ከእውነታው ጋር የማይገጥም እምነት ሊኖረው እንደሚችል መረዳት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በ4 ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ ገና አፏን የፈታች ሕፃን የሚያለቅስ አባቷን ለማጽናናት የራሷን አሻንጉሊት ብታመጣለት፣ አባትየው አሻንጉሊቱን ተቀብሎ ማቀፍ ይገባዋል፤ እርሷ ያላትን ምርጥ ነገር ሰጥታዋለች።

ከሁሉ በላይ የምንሳሳተው ግን ሐዘናችንን ከልጆች ስንደብቅ ይመስለኛል። ልጅ የእናቱን ፊት እያየ ያድጋልና አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል፤ ምክንያቱ ካልተነገረው ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የሆነውን ነገር በዕድሜው ልክ፣ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን ለይቶ መንገር ያስፈልጋል። ለምሳሌ የስድስት ዓመት ልጅ እናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ቢያገኛት ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«እማዬ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«አያትህ በጣም ስለታመሙ አዝኜ ነው። አንተ ምንም አላጠፋህም። ትንሽ አልቅሼ ሲቀለኝ እራት እንበላለን።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«አጠገቤ ተቀመጥ፤ ይበቃኛል።»

በዚህ አጭር ልውውጥ ልጁ ልቅሶ ምክንያትና መጨረሻ እንዳለው፣ እራቱም እንደማይቀር ይማራል። ጥያቄው መልስ ስላገኘ፣ የሚረዳ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበትም ያያል። እናቱን የማጽናናት ኃላፊነት ግን በእርሱ ላይ መውደቅ የለበትም፤ አጠገብ መቀመጥ ከልጅ አቅም በላይ አይደለም፣ የእናት ምሥጢረኛ መሆን ግን ነው።

አዋቂዎችን በተመለከተ «ራስህን በእርሱ ቦታ አድርገህ አስብ» የሚለው ምክር ከሚገባው በላይ የታመነ ነው። ታል ኤያል፣ ሜሪ ስቴፈልና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት፣ 25 ሙከራዎችን በያዘ ጥናት፣ ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ ማሰብ የሌላውን ሐሳብና ስሜት በትክክል ለማወቅ እንዳልረዳ፣ ሰውየውን በቀጥታ ማነጋገር ግን እንደረዳ አሳይተዋል። እኛም ሐዘንተኛ ፊት ስንቀርብ የምንገምተው ብዙውን ጊዜ የራሳችንን ፍላጎት ነው፤ ዝምታ የምንወድ ሰዎች ብቻውን እንተወዋለን፣ ወሬ የምንወድ ደግሞ እናደክመዋለን። «አይዞህ» የሚለው ውብ ቃል እንኳ ሰውየው ሳይናገር ከቀደመ አፍ ያስይዛል። «የባሰም አለ» የሚለው ከዚያም ይከፋል፤ የተጎዳው ሰው ሐዘኑን ከሌላው ጋር እንዲያመዛዝን ያስገድደዋልና።

አጠያየቅም ቢሆን ጥበብ ይፈልጋል። «ምን ላድርግልሽ?» ሲሏት የደከመች ሴት ማሰብ ስለሚከብዳት «ምንም» ብላ ትመልሳለች። «ልጆቹን ልያዝልሽ ወይስ አብሬሽ ልቀመጥ?» ቢባል ግን መምረጥ ብቻ ይቀራታል። መልሱን ከሰሙ በኋላ በራስዎ ቃል ይድገሙላት፣ ካረመችዎትም እርማቱን ይቀበሉ፤ የራስዎን ተመሳሳይ ታሪክ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ርኅራኄ ጊዜም ይፈልጋል። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ሙከራ፣ በአሜሪካ የፕሪንስተን የሥነ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ሊያደርጉ ሲሄዱ መንገድ ላይ የተዝለፈለፈ ሰው ያገኙ ነበር። ካልተቸኮሉት 63 በመቶ፣ እጅግ ከተቸኮሉት ግን 10 በመቶ ብቻ እርዳታ ሰጡ፤ የአንዳንዶቹ ንግግር ርእስ ደግሞ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በጭንቅ ወቅት እንግዲህ ከቀኑ ሥራ አንዱን ቀንሶ ክፍተት መተው ከብዙ ስብከት ይሻላል። የሩቁን መከራ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ መከታተልም የአቅራቢያውን ሰው የምናይበትን ጉልበት ይጨርሳል፤ ዜናውን በቀን አንድ ጊዜ አይቶ፣ ሊረዱት የሚችሉትን አንድ ሰው መርጦ መጠየቅ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ትዕግሥት የሚያልቅበት ቀን አለ። በልጅዎ ላይ ከጮኹ ሲረጋጉ ተመልሰው ይሂዱና «ጮኼብሃለሁ፤ ደክሞኝ ነበር፣ ድካሜ ግን በአንተ ጥፋት አልነበረም። ስጮህ ምን ተሰማህ?» ብለው ይጠይቁት። «ፈራሁ» ካለ፣ «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው ለመከላከል አይቸኩሉ፤ «እንደፈራህ ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ» ይበሉትና የሚቀጥለውን ቃሉን ይጠብቁ።