ቦይለሩ ቤቱን አላሞቅ ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

እንግሊዝ አገር ብዙው ቤት የሚሞቀው በጋዝ በሚሠራ ኮምቢ ቦይለር ነው። ያው አንድ ሣጥን የመታጠቢያውንም፣ ክፍሎቹን የሚያሞቁትን የራዲያተሮቹንም ውሃ ያሞቃል። ብርዱ ጠንቶ ቤቱ አልሞቅ ሲል ሰው ቶሎ «ቦይለሩ ሞተ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን እንከኑ ከሣጥኑ ውጭ፣ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ማሳያውን ሳያዩ ሪሴት (ዳግም ማስነሻውን) መጫን ነው። ቦይለር ያለ ምክንያት ራሱን አይዘጋም። የሚያሳየውን ፊደልና ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሡና ትርጉሙን ከመመሪያው ፈልጉ። ሪሴት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል፤ ከዚያም መልሶ ከጠፋ አታስገድዱት።

ሁለተኛው፣ የቧንቧው ውሃ እየሞቀ ራዲያተሩ ሲቀዘቅዝ ጋዙን መጠርጠር ነው። ውሃው ከሞቀ ጋዙም እሳቱም አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) 25 ዲግሪ ላይ አድርጉ፣ ባትሪውን ቀይሩ፣ የሚበራበትና የሚጠፋበት ሰዓት እንዳልተዛባ እዩ። ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ ውስጥ ያለው፣ የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚያዞረው ቫልቭ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ጥሩ። ሁለቱም ከቀዘቀዙና ቆጣሪያችሁ አስቀድሞ የሚከፈልበት ከሆነ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን ተመልከቱ።

ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚሳሳተው በውሃው ግፊት ላይ ነው። ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሳለ መለኪያው ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት አለበት፤ በጣም ከወረደ ብዙዎቹ ቦይለሮች አይነሡም። ለመሙላት ቦይለሩን አጥፉና አቀዝቅዙት። አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ በብረት ክር የተጎነጎነ ቱቦ አለ፤ ጫፎቹ መጥበቃቸውን አረጋግጡና ቫልቮቹን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። መርፌው 1.3 አካባቢ ሲደርስ ሁለቱንም ዝጉ። ቫልቩ ክፍት ከተረሳ ግፊቱ 3 ባር ይደርስና ማስተንፈሻው ውሃውን ወደ ውጭ ይተፋል። ሌላው ጥፋት በየሳምንቱ እየሞሉ መኖር ነው። አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ዝገቱም ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። መለኪያውን አጥኑት፦ ሲሞቅ ወደ 3 የሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ውሃው ሲሞቅ የሚሰፋበት ጋን አየር አጥቷል። ሁልጊዜ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ያፈሳል።

ራዲያተሩ ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አየር ይዟል። ከታች መሐሉ ላይ ከቀዘቀዘ ግን ዝቃጭ ነው፤ አየር ማስወጣት አይረዳውም። አየር ስታስወጡ ማሞቂያው ይጥፋ፣ ጨርቅ ከሥሩ ያዙ፣ ከራዲያተሩ ላይኛው ጫፍ ያለውን የአየር ማስወጫ በቁልፉ ከግማሽ ዙር በላይ አታዙሩ። ፉጨቱ አልቆ ውሃ ሲመጣ ዝጉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ አየሩ ሲወጣ ግፊቱም ስለሚወርድ ወደ መለኪያው መመለስ ግድ ነው።

አንድ ራዲያተር ብቻ ከቀዘቀዘ ቦይለሩን ተዉት። ቁጥር ያለበትን የራዲያተሩን መቆጣጠሪያ ራስ ፈትታችሁ አውጡ፤ ከሥሩ ትንሽ የብረት ፒን አለ። በፒንሳ ጎን ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት ወርዶ መመለስ አለበት። ተጣብቆ ከሆነ ደጋግሞ መጫን ያላቅቀዋል። ወደ ውጭ ግን አትጎትቱት፤ ከተነቀለ ውሃው ይፈነዳል።

ውርጭ ባለበት ጧት ቦይለሩ እየተንቦጫረቀ ከጠፋ፣ የቦይለሩን ፍሳሽ ውሃ ወደ ደጅ የሚያወጣው የፕላስቲክ ቱቦ በረዶ ሠርቶ ይሆናል። የፈላ ውሃ ማፍሰስ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ለብ ያለ ውሃ ደጋግማችሁ አፍስሱ፣ ከዚያ ሪሴት አድርጉ።

የመጨረሻው ስህተት የቦይለሩን መክደኛ መክፈት ወይም «ርካሽ ነው» ብሎ ያልተመዘገበ ሰው ማስገባት ነው። የጋዝ ሴፍ (የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ) መታወቂያውን ጠይቁ፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደተፈቀደለት ከጀርባው ተጽፏል። ከተበላሸ ቦይለር ሊወጣ የሚችለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ቤት ውስጥ ጀምሮ ደጅ ሲወጡ የሚቀል ከሆነ፣ ቦይለሩን አጥፉ፣ ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡ፣ ወደ ጋዝ አደጋ መስመር 0800 111 999 ደውሉ። ተከራዮች ደግሞ ለጥገናው አትክፈሉ፤ በእንግሊዝ የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ ማሞቂያውን መጠገን የአከራዩ ግዴታ ያደርገዋል። በጽሑፍ፣ ቅድም ካነሣችሁት ፎቶ ጋር አሳውቁት።