ጥልቅ ወርቅ በቀይ አፈር ውስጥ፦ የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሻኪሶም ሆነ በአሶሳ በኩል፣ ቀይ አፈር ላይ ማሽን የያዘ ሰው ምሬቱ ተመሳሳይ ነው፦ ማሽኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ሲቆፍሩ ግን ምንም የለም። ብዙዎች መፍትሔው ኃይል መጨመር ይመስላቸዋል። አስቸጋሪ አፈር ላይ ጥልቀት የሚገኘው ማሽኑ ጸጥ ሲል ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ታች ያለ የወርቅ ጠጠር የሚልከው ድምፅ ደካማ ስለሆነ በጩኸት መሃል አይሰማም።

ለአፈሩ የማይሆን ማሽን ይዞ ሴቲንግ መፈለግ

ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ትንንሽና ቅርብ ወርቅ ላይ ጥሩ ነው። ብረት በበዛበት ቀይ አፈር ግን ጥልቀቱ በጣም ይቀንሳል፣ ይህንንም የሚያድን ሴቲንግ የለም። ምክንያቱ ማሽኑ እያሰራጨ በዚያው ጊዜ ስለሚያዳምጥ፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ማግኔታይት (ማግኔታዊ የብረት ማዕድን) የሚመልሰው ምልክት የወርቁን ይውጠዋል። እንደ ጂፒኤክስ 5000 ያሉ የፐልስ ማሽኖች ኃይሉን ልከው ካቋረጡ በኋላ ነው የሚያዳምጡት፤ የማግኔታይቱ ምላሽ በዚያ ጊዜ አልቋል። ቀይ አፈር ፐልስንም የሚረብሸው ከዝገት ቀለሙ ጋር የሚገኙት ደቃቅ የማግሄማይት (ሌላ ማግኔታዊ የብረት ማዕድን) ቅንጣቶች ዘግይተው ስለሚረጋጉ ነው። ከሰል የከሰለበት ወይም እሳት የነደደበት ቦታም እንዲሁ ይረብሻል፣ ሙቀት አፈሩን ይበልጥ ማግኔታዊ ያደርገዋልና።

ሴንሲቲቪቲና ጌይን ጫፍ ላይ መተው

የማሽኑን የማዳመጥ ኃይል የሚወስኑት፣ ጂፒኤክስ ላይ አርኤክስ ጌይን፣ ሌላ ማሽን በሆነው ጂፒዜድ 7000 ላይ ደግሞ ሴንሲቲቪቲ (ከ1 እስከ 20) ሲጨመሩ የወርቁም የአፈሩም ድምፅ አብሮ ያድጋል። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንዲሰፋ ነው። ከመካከለኛ ቁጥር ይጀምሩ፣ ኮይሉን (መሬት ላይ የሚወዛወዘውን የማሽኑን ዝርግ ክፍል) ንጹሕ አፈር ላይ በሥራ ፍጥነት ያወዛውዙ፤ የማያቋርጠው ዝቅተኛ ድምፅ (ትሬሾልድ) ሳይናወጥ ከቆየ አንድ ቁጥር ይጨምሩ። መናወጥ ሲጀምር ሁለት ቁጥር ይመለሱ።

ትሬሾልዱን ጨርሶ ማጥፋትም ስህተት ነው። ጥልቅ ወርቅ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይጮኽም፤ ያንን ቀጭን ድምፅ በቀስታ ያነሳዋል ወይም ያወርደዋል። ልክ እንደ ሩቅ ትንኝ ድምፅ በጭንቅ እስኪሰማ ዝቅ አድርጉት፣ በሄድፎንም አዳምጡት። በማሽኑ ድምፅ ማጉያ በኩል፣ ነፋስና ሰው ባለበት፣ ይህ ልዩነት አይሰማም።

ግራውንድ ባላንስን ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ

ግራውንድ ባላንስ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ማላመድ ነው፤ ከሁሉም በላይ ጥልቀት የሚሰርቀው እሱን አለመድገም ነው። አፈሩ በ20 እርምጃ ይለወጣል፣ ፀሐይ ሲበረታም የማሽኑና የኮይሉ ሙቀትም ይለወጣል። ጂፒኤክስ ላይ፦ መጀመሪያ ኮይሉን ሳያንቀሳቅሱ አውቶ ቲዩን (ከአካባቢው የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚሸሽ ማስተካከያ) ያስጀምሩና እስኪጨርስ ይጠብቁ። ቀጥሎ ምልክት የሌለበት ቦታ ፈልገው ክዊክ ትራክ የሚባለውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፣ ኮይሉን ከመሬት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በዝግታ ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ድምፁ ሲጠፋ ይልቀቁ። ታይሚንግ (ማሽኑ ኃይል የሚልክበትና የሚያዳምጥበት የጊዜ አመራረጥ) ወይም ኮይል በቀየሩ ቁጥር ይድገሙት።

ጂፒዜድ ላይ ቢጫው ፌራይት (ለማስተካከያ የሚያገለግል ማግኔታዊ ቀለበት) ችላ ይባላል። መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ክዊክ ትራክን ይዘው፣ ኮይሉን በላዩ ላይ እያወዛወዙ የፌራይቱ ድምፅ እስኪጠፋ ይቀጥሉ። ሳይደረግ ሲቀር ማሽኑ ይሠራል፣ ግን በቀይ አፈር ላይ የማያቋርጥ ሞገድ ያለው ድምፅ ይሰጣል።

ሌላም አለ። ማሽኑ ትራኪንግ ላይ (ራሱ አፈሩን እየተከተለ በሚያስተካክልበት) እያለ ደካማ ምልክት ላይ አሥር ጊዜ ብታመላልሱት፣ ምልክቱን እንደ አፈር ቆጥሮ ይሰርዘዋል። ስለዚህ አጠራጣሪ ድምፅ ሲያገኙ ወዲያው ወደ ፊክስድ (ማስተካከያው ባለበት ወደሚቆምበት) ይቀይሩ፣ ከዚያ ይመርምሩ።

ታይሚንግን በስሙ መምረጥ

ጂፒኤክስ 5000 ላይ ያሉት ታይሚንጎች እያንዳንዳቸው ለአንድ ዓይነት አፈር የተሠሩ ናቸው። ኮይን ሬሊክ እጅግ ኃይለኛ ነው፣ ግን ቀላል አፈር ብቻ ይፈልጋል፤ ቀይ አፈር ላይ ከተጠቀሙበት ይጮኻል። ከኖርማል ይጀምሩ። ሞኖ ኮይል (አንድ ጥቅል ሽቦ የሚልክበትና የሚያዳምጥበት) ላይ ዝም ካላለ ኤንሃንስን፣ ወርቁ ትንሽ ከሆነ ፋይን ጎልድን ይሞክሩ። ጨዋማ መሬት ላይ ሶልት የሚሉት አሉ። ጂፒዜድ ላይ ዲፊከልት እና ሲቪየር የሚሉት ለከባድ አፈር ናቸው፤ ኖርማል ጸጥ ካለ ግን ወደ እነሱ መሄድ ጥልቀት ያስቀንሳል።

ትልቅ ኮይል ሁልጊዜ ይጠልቃል ብሎ ማመን

18 ኢንች ኮይል ጸጥ ባለ አፈር ላይ ለትልቅ ወርቅ ይጠልቃል። ቀይ አፈር ላይ ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው አፈር ብዙ ነው፣ የሚያነሳውም ጩኸት። በ11 ኢንች ሞኖ ቦታውን ጨርሰው፣ ዝም ያለው ክፍል ላይ ብቻ ትልቁን ይመልሱ። ሞኖው ፈጽሞ ካልተረጋጋ ደብል ዲ (መላኪያና ማዳመጫ ሽቦው የተለያየ ኮይል) ያድርጉ፤ ጥቂት ጥልቀት ይቀንሳል፣ በምትኩ የሚሰማ ድምፅ ይሰጣል።

ኮይሉን ማንሳትና መቸኮል

ጥልቀቱ ከኮይሉ ስፋት ሲያልፍ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚመለሰው ምልክት እስከ 64 ጊዜ ያንሳል። 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ላለ ወርቅ ኮይሉን ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ብታነሱት የምልክቱን ሲሶ ያህል ታጣላችሁ። ከፍታው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይሁን፤ መጨረሻ ላይ እጅ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ አፈሩ ራሱ ምልክት መስሎ ይጮኻል። አንድ ውዝዋዜ ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ይውሰድ፣ ቀጣዩ የቀድሞውን ግማሽ ይሸፍን። ስልኩን ያጥፉ፣ የብረት ጫፍ ያለው ጫማ አያድርጉ፣ ሌላ ማሽን በ50 ሜትር ውስጥ ካለ ተራርቁ።

ያልተለመደ ድምፅን መናቅ

ፐልስ ማሽን ላይ ትንሽ ወርቅ ከፍ ብሎ ዝቅ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ትልቅና ጥልቅ ወርቅ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ከፍ ይላል። "ይሄ ድንጋይ ነው" ብሎ የሚያልፍ ሰው ትልቁን ይተወዋል። የብረት መለያን ማብራትም እንዲሁ አደገኛ ነው፦ በብረት የተሞላ አፈር ውስጥ ጥልቅ ወርቅ ብረት መስሎ ይነበባል።

መለያው አካፋው ነው። ላዩን አሥር ሳንቲ ሜትር ጠርገው እንደገና ይስሙ። ወርቅ ከሆነ ድምፁ ይጎላል፣ ጠባብም ይሆናል፤ አፈር ከሆነ ይሟሟል፤ ትኩስ ድንጋይ (ማዕድን በዝቶበት እንደ ብረት የሚጮኽ ድንጋይ) ከሆነ ከተጠረገው ክምር ጋር ይሄዳል። በ90 ዲግሪ ዞረውም ያወዛውዙ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ አፈር ነው።

ጦርነት በነበረበት መሬት ግን ትልቅና ጥልቅ ምልክት ያልፈነዳ ጥይት ወይም ፈንጂ ሊሆን ስለሚችል አይቆፍሩት፤ ምልክት አድርገው ርቀው ለአካባቢው ጸጥታ አካላት ያሳውቁ።

በተቆፈረ አፈር ሴቲንግ መፈተን

በወርቅ ፋንታ አምስት ግራም የእርሳስ ብረት ጉድጓድ ቆፍረው ቀብረው ቢሞክሩ ውጤቱ ያሳስታል፣ የተነካ አፈር እንደ ያልተነካው አይመልስምና። ይልቁንም አንድ ጉድጓድ ቆፍረው ከግድግዳው ወደ ጎን ጠባብ ቀዳዳ ይብሱ፣ እርሳሱን በዱላ ገፍተው ከላዩ ያልተነካ አፈር እንዲቀር ያድርጉ። ጉድጓዱ ራሱ ድምፅ እንዳይሰጥዎት ቀዳዳው ከኮይሉ ስፋት የረዘመ ይሁን። ከ20 ሳንቲ ሜትር ይጀምሩ፣ በአምስት አምስት ይጨምሩ፣ በጭንቅ የሚሰማበት ላይ ሲደርሱ አንድ ሴቲንግ ብቻ ቀይረው እንደገና ይስሙ። ሁለት በአንድ ጊዜ ከቀየሩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።