የድራፍት ተስፋና የኪሳችን ነገር፦ ደጋፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2027 የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት ዋሽንግተን ዲሲ ሊመጣ ነው። ቦታውም ናሽናል ሞል ነው፤ ካፒቶል ፊት ለፊት የተዘረጋው ያ ሰፊ ሜዳ። በአሜሪካ ትልቁ የሐበሻ ማኅበረሰብ ያለው ደግሞ እዚሁ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው። «የአሜሪካ ፉትቦል አይገባኝም» ሲል የኖረው አባት ሁሉ ልጆቹ እየጎተቱት ቲቪ ፊት መቀመጥ ጀምሯል።

ለአዲስ ገቢ ባጭሩ፦ 32 ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት ጭራ የሆነው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ የመጨረሻውን ተራ ይይዛል። ሰባት ዙር አለው፣ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ከ250 በላይ ልጆች ይመረጡበታል። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሁሉም ደጋፊ እኩል ነው። ገና ማንም አልተሸነፈም። ተስፋው በነፃ ነው። ችግር የሚመጣው ለተስፋው ቀብድ መክፈል ስንጀምር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

በድራፍቱ ማታ ማሊያ መግዛት

የመጀመሪያው ዙር ሐሙስ ማታ ነው። ስሙ የተጠራው ልጅ መድረክ ላይ ይወጣል፣ የሊጉን ኮሚሽነር ያቅፋል፣ ቁጥር 1 የተጻፈበት ማሊያ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ያ ቁጥር የአንደኛ ዙር ምርጫ መሆኑን ለማሳየት ነው እንጂ ሜዳ የሚገባበት አይደለም። ትክክለኛው ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በኋላ ነው የሚታወቀው። ስልካችን ላይ ያለው ሱቅ ግን አይጠብቅም። ወዲያው «የእርስዎን ዛሬውኑ ይዘዙ» ይላል። ኦሪጅናሉ ደግሞ ከ100 ዶላር በላይ ነው።

የዋሽንግተን ደጋፊ ይሄን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። ቡድኑ በ2020 የድሮ ስሙን ጣለ። ሁለት ዓመት «ዋሽንግተን ፉትቦል ቲም» ተብሎ ተጫወተ። ከ2022 ወዲህ ኮማንደርስ ሆነ። ሦስቱንም በየተራው የገዛ ሰው ቁም ሳጥኑ ሙዚየም ሆኗል።

እስከ ኦክቶበር ታገሱ። ልጁ ጎበዝ ከሆነ ማሊያው አያልቅም። ካልሆነ በቅናሽ ታገኙታላችሁ፤ ያኔ ግን አትፈልጉትም።

«ይሄ ልጅ ያድነናል» ብሎ መደምደም

በ2012 ዋሽንግተን ስድስተኛ መራጭ ነበር። ሮበርት ግሪፊን ሣልሳዊ የሚባለውን ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ለማግኘት ሁለተኛ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ለሴንት ሉዊስ ራምስ የዚያን ዓመት የአንደኛና የሁለተኛ ዙር ምርጫውን ሰጠ። አልበቃም። የ2013ንና የ2014ን የአንደኛ ዙር ምርጫዎች ጨመረበት።

የመጀመሪያው ዓመት ሠርግ ነበር። ቡድኑ አሥር አሸንፎ ስድስት ተሸነፈ፣ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፣ ልጁም ከጀማሪ አጥቂዎች የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ማሊያውን ያልለበሰ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጃንዋሪ 2013 ላይ ከሲያትል ጋር በገዛ ሜዳቸው ሲጫወቱ ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የበፊቱን ልጅ ያየው የለም። በ2016 ተሰናበተ።

የሚያንገበግበው ግን ዲሴምበር 2014 ላይ የሆነው ነው። ራምሶች ለጨዋታ የዋሽንግተን ሜዳ ወዳለበት ላንዶቨር መጡ። ሳንቲም ሲጣል የሁለቱም ቡድን አምበሎች ወደ መሀል ይወጣሉ። የራምስ አሠልጣኝ ጄፍ ፊሸር ስድስት ተጫዋቾች ላከ። ስድስቱም በዚያ ልውውጥ ከተገኙ ምርጫዎች የመጡ ልጆች ነበሩ። ዋሽንግተን ለአንድ ሰው የከፈለው ዋጋ በእግሩ መጥቶ መሀል ሜዳ ላይ ጨበጠው። ጨዋታውም በራምስ አሸናፊነት 24 ለ 0 አለቀ።

ሌላም አለ። በዚያው በ2012 ድራፍት፣ በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ሆኖ ከርክ ከዝንስ የሚባል ኳርተርባክ ዋሽንግተን ገብቶ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በ2015 ቦታውን የወሰደው እሱ ነው። በ2016 ደግሞ 4,917 ያርድ ወርውሮ የቡድኑን የአንድ የውድድር ዘመን ሪከርድ ያዘ። በኋላ ታላቅ ኳርተርባክ የሆነው ቶም ብሬዲም በ2000 199ኛ ተመራጭ ነበር። ብሮክ ፐርዲ በ2022 የመጨረሻው፣ 262ኛው ተመራጭ ሆኖ መጥቶ ሳን ፍራንሲስኮን ሱፐር ቦውል (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) አድርሷል።

ተስፋ አታድርጉ ማለቴ አይደለም። ጄደን ዳንኤልስ በ2024 ሁለተኛ ተመርጦ መጣና ቡድኑን 12 ጨዋታ አሸንፎ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ እስኪቀረው አደረሰው። ኦክቶበር 27 ቀን ከቺካጎ ጋር፣ ሰዓቱ አልቆ፣ ከ52 ያርድ የተወረወረችውን ኳስ የሚረሳ የለም። ተቃራኒው ኳርተርባክ የዲሲው ልጅ ኬሌብ ዊሊያምስ ነበር፤ በዚያው ዓመት አንደኛ የተመረጠው። በማግስቱ ዓመት ግን ዳንኤልስ በጉዳት ብዙ ጨዋታ አመለጠው፤ ቡድኑም ወደቀ።

ይሄ ከኪስ ጋር ምን አገናኘው? በአንድ ጥሩ ዓመት ሞቅ ብሎት የሙሉ ዓመት ቲኬት በክሬዲት ካርድ የሚገዛ ሰው አለ። ብዙው ካርድ ወለዱ ከ20 በመቶ በላይ ነው። ቲኬቱ ደግሞ በብዙ ቡድኖች ዘንድ «አቁሙልኝ» ካላልክ በራሱ ይታደሳል። ቡድኑ የመጪ ዓመታት ምርጫውን ሰጠ፣ ደጋፊው የመጪ ዓመት ደሞዙን ሰጠ። ቡድኑ ቢያንስ ገንዘብ ሞልቶታል፤ በ2023 ሲሸጥ 6.05 ቢሊዮን ዶላር ነው ያወጣው።

ወሬ ይዞ ማስያዝ

በቨርጂኒያ ከ2021፣ በሜሪላንድ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በስልክ ለስፖርት ውርርድ ገንዘብ ማስያዝ ይቻላል። ድራፍቱ ራሱም ይወራረዱበታል፦ ማን አንደኛ ይወጣል፣ እገሌ ከአሥር በታች ይወርዳል ወይ፣ እያሉ።

በ2023 የሆነውን ልንገራችሁ። ካሮላይና አንደኛ መራጭ ነበር። ብራይስ ያንግን እንደሚወስድ ብዙ ሰው ገምቶ ጨርሷል። ድራፍቱ ሊደርስ ሲል ሬዲት ላይ ስሙን ያልገለጸ ሰው ብቅ አለና «ዊል ሌቪስ ካሮላይና እንደሚወስዱት ለቤተሰቡ እየነገረ ነው» ብሎ ጻፈ። በቃ። ሰው ጎረፈ። ለሌቪስ አንደኝነት 40 ለ 1 ይከፍል የነበረው ኦድ ወደ 4 ለ 1 ገደማ ወረደ። ማለትም በ100 ዶላር 4,000 ያስገኝ የነበረው ነገር ወደ 400 ተጠጋ። ኦዱ ሲወርድ ያየው ደግሞ «እነሱ የሚያውቁት ነገር አለ» ብሎ እሱም ጨመረበት። ሐሙስ ማታ ብራይስ ያንግ አንደኛ ተጠራ። ሌቪስ በቴሌቪዥን እየታየ የመጀመሪያው ዙር በሙሉ አለፈው። በማግስቱ 33ኛ ሆኖ ቴነሲ ገባ። የስንቱ ገንዘብ ተበላ።

ድራፍት ላይ መወራረድ ከጨዋታ ውርርድ የሚከፋበት ምክንያት አለ። ጨዋታ ሲሆን ውጤቱን ማንም አያውቅም፤ አሠልጣኙም አያውቅም። ድራፍት ላይ ግን መልሱን የሚያውቁ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ውሳኔው በእጃቸው ነው። እኛ የምንገምተው እነሱ የወሰኑትን ነው። በዚያ ላይ ከመምረጣቸው በፊት ሆን ብለው የሐሰት ወሬ ይለቃሉ፤ ሌላው ቡድን እንዲሳሳት። እያንዳንዱ ባለሙያ የሚያወጣው የግምት ዝርዝርም በዚሁ ወሬ ላይ የተሠራ ነው። ለመዝናናት አንብቡት፤ ደረሰኝ አይደለም።

የተለመደው ውርርድ 110 አስይዞ 100 ማግኘት ነው። ላለመክሰር ብቻ ከመቶ ከ52 ጊዜ በላይ መገመት አለባችሁ። «200 ዶላር ቦነስ» የሚሉትም ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ብታሸንፉ ትርፉን እንጂ ያስያዛችሁትን ቦነስ አይመልሱላችሁም። ቁጥር በህልሙ ታይቶት የሚያስይዝ ወንድምም አይጠፋም። እሱ ህልሙን ለነፍስ አባቱ ቢነግር ይሻለዋል። የግድ ካላችሁ አፑ ውስጥ በወር የምታስገቡትን ገንዘብ የምትወስኑበት ቦታ አለ። ድራፍቱ ሳይቃረብ፣ ሞቅ ሳይላችሁ አስተካክሉት።

እቁቡን ለሦስት ቀን ጉዞ መጨረስ

ይሄ የኛው የራሳችን ነው። አሥር ሰው በወር 500 ዶላር ይጥላል እንበል። ዕጣው 5,000 ነው። መጀመሪያ ለወጣለት ያለ ወለድ ብድር ነው። መጨረሻ ለደረሰው ደግሞ በግድ የተቆጠበ ገንዘብ ነው። ሁለቱም ጥሩ ነው፤ ግን አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ወር የወጣለት ሰው «ደረሰኝ» ብሎ ትኬትና ሆቴል ይቆርጣል። ደርሶት ሳይሆን ተበድሮ ነው። ገና ስምንት ወር፣ 4,000 ዶላር ይቀረዋል። ከተማውን አይቶ ከተመለሰ በኋላ እስከ ገና ድረስ ለዚያች ቅዳሜና እሑድ ይጥላል። ዳኛው ደግሞ በቀኑ ይደውላል።

ሰው የማያውቀው፣ የድራፍቱ መግቢያ ነፃ ነው። በሊጉ አፕ መመዝገብ ብቻ ነው። በ2024 ዲትሮይት ከ775,000 በላይ ሰው የገባው እንዲሁ ነው። ገንዘቡን የሚበላው ማደሪያው ነው። በ2025 ግሪን ቤይ ከ100,000 ብዙም ያልበለጠ ሕዝብ ያለው ከተማ ሆኖ በሦስት ቀን 600,000 ገደማ ጎብኚ ተቆጠረበት። አልጋ ስንት ሊሆን እንደሚችል ገምቱ።

መጓዝ የሚፈልግ በሳምንት 20 ዶላር ለብቻው ያስቀምጥ፤ በዓመት 1,040 ይሆናል። ወለድ የሚከፍል የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ፣ ከቤት ኪራዩ ርቆ። እቁብ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ተራ ለመለዋወጥ ዳኛውን ጠይቁ። አስቸኳይ ጉዳይ ያለበት ሰው አይጠፋም፣ ቀድሞ በመውሰዱ ይመርቃችኋል። የዲሲ ልጅ ግን ለ2027 ምን ጉዞ ያስፈልገዋል? ሜትሮው ስሚዝሶንያን ላይ ያወርደዋል።

የልጅን እግር የጡረታ ዋስትና ማድረግ

በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፉትቦል ይጫወታሉ። በየዓመቱ የሚመረጡት ቅድም እንዳልኩት ከ250 ትንሽ ነው የሚበልጡት። የኛ ልጆች ብዙዎቹ እግር ኳስ ነው የሚጫወቱት፤ እዚያም ታሪኩ ቅርብ ነው። ፍሬዲ አዱ ከጋና መጥቶ እዚሁ ሜሪላንድ ያደገ ልጅ ነው። በ2004 ዲሲ ዩናይትድ በኤምኤልኤስ (የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ) ድራፍት አንደኛ አድርጎ ወሰደው። 14 ዓመቱ ነበር። አዲሱ ፔሌ ተባለ። ከዚያ በኋላ ከአገር አገር፣ ከክለብ ክለብ ሲዞር ኖረ። ያን ሁሉ ወሬ የሚያክል ውጤት አልመጣም። እሱ አንደኛ የተመረጠው ልጅ ነው እንግዲህ።

እየተጓዘ የሚወዳደር የልጆች ክለብ በዓመት በሺዎች ዶላር ያስወጣል። ልጁ ከወደደው ይጫወት፣ ጤና ነው፣ ጓደኛ ያፈራበታል። ነገር ግን «ስኮላርሺፕ ያመጣልናል» ብላችሁ የኮሌጅ ቁጠባውን ወደ ክለቡ አታዙሩ። ዲቪዥን ስሪ የሚባሉት ኮሌጆች በስፖርት ጭራሽ ስኮላርሺፕ አይሰጡም። 529 የሚባለው የትምህርት ቁጠባ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም በዲሲም የስቴት ታክስ ያስቀንሳል። ለክለቡ ከምትከፍሉት ላይ ሩቡን እንኳ እዚያ ማስገባት ትችላላችሁ።

እንግዳን አለመቁጠር

ዳላስ፣ አትላንታና ሚኒያፖሊስ ያለ የአክስት ልጅ ሁሉ በ2027 ኤፕሪል የእናንተን ሶፋ ያስታውሳል። «ሆቴሉ ውድ ሆነብን» ብሎ ይደውላል። እምቢ አትሉም፤ ነውር ነው።

ሌላም አለበት። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሜይ 2 ይውላል። ድራፍቱ እንደ ልማዱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ከሆነ ሁዳዴ ሳይፈታ ነው የሚመጣው። እንግዳው ጾም ስለሆነ የዶሮ ክንፍ አትጠብሱለትም፤ ሽሮና ምስር ይዞ ቲቪ ፊት ይቀመጣል፣ ያ እንኳ ርካሽ ነው። የሚከብደው የበግና የዶሮ፣ የቅቤና የእንቁላል ወጪ በዚያው ሰሞን መምጣቱ ነው። እንግዳውም «ከመጣሁ አይቀር ፋሲካን እዚሁ ልዋል» ይላል። የበዓሉን ገንዘብ ከጃንዋሪ ጀምራችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። ለእንግዳውም ሲመጣ በግ በጋራ እንደምትገዙ አሁኑኑ፣ በስልክ፣ እየሳቃችሁ ንገሩት።