የአገልጋይ ልጅ ሆናችሁ ከተማ ለምትቀይሩ

አባት ወይም እናት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ወደ ሌላ ከተማ ሲመደቡ ታዳጊው ገና ሻንጣውን ሳይፈታ "የመጋቢ ልጅ ነህ፤ ትዘምራለህ አይደል?" ይባላል። ምክሬ እዚህ ላይ ነው፦ ለመጀመሪያው ወር ማይክም ኪቦርድም አትያዙ። ከእኩዮቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተዋወቁ። ይህን ግን ከመሄዳችሁ በፊት ከወላጆቻችሁ ጋር ተስማሙና ለሽማግሌዎቹ እነሱ ይንገሩላችሁ። እናንተ ስትሉት እምቢተኝነት ይመስላል፤ አባታችሁ ሲሉት ግን ማንም ቅር አይለውም።

ጓደኛ ከቤተ ክርስቲያን ብቻ አትፈልጉ። እዚያ ያለው ሁሉ የአባታችሁን ስብከት የሚሰማ ነው፤ ስለ ቤታችሁ ያወራችሁት ነገር ዞሮ እሳቸው ጋ ይደርሳል። የክፍል ጓደኛ ወይም የሰፈር ኳስ ትንፋሽ ይሰጣል። ወላጆች ይህን እንደ መራቅ ባያዩት ደስ ይለኛል።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ወይም ጅማ የምትሄዱ ከሆነ አፋን ኦሮሞ ከወዲሁ ጀምሩ። በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ማንበቡ ብዙ አያስቸግርም (አናባቢው ሲደገም ድምፁ እንደሚረዝም ብቻ ልብ በሉ)። ሰላምታ እንኳ መቻል ሰው ያቀርባል።

የትምህርት ቤት መሸኛና ትራንስክሪፕት በጉዞ ግርግር ስለሚረሳ ራሳችሁ ተከታተሉ። በተለይ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆናችሁ፣ ለብሔራዊ ፈተና የምትመዘገቡት በምትማሩበት ትምህርት ቤት በኩል ስለሆነ ዝውውሩ ከምዝገባው በፊት ይለቅ።