የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተቆጣጣሪ ቦርድ አባል ሆነው ሲመረጡ እንዴት እንደሚሠሩ

የሹመት ደብዳቤው እጅዎ እንደገባ፣ የእንኳን ደስ አለዎት ስልክ ሳይበዛ ሊያደርጉት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ቦርዱን ወይም ኮሚቴውን ያቋቋመውን ሕግ አግኝቶ ማንበብ ነው። ሲያነቡ ሦስት ነገሮችን በእርሳስ ያስምሩ፦ ቦርዱ ራሱ የሚወስነው ምንድን ነው፣ ለበላይ አካል የውሳኔ ሐሳብ ብቻ የሚያቀርበው በየትኛው ጉዳይ ነው፣ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኙን የሚያቀርበው ለማን ነው። እነዚህን ሳይለይ ስብሰባ የሚገባ አባል ሥልጣኑ ባልሆነ ነገር ላይ ሲከራከር ይውላል፤ ሥልጣኑ የሆነው ጉዳይ ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍበታል።

ሰው ዕለታዊ ተግባሩን እንዲያከናውን የሚያግዘው ኦኩፔሽናል ቴራፒ በአገራችን ወጣት ሙያ ነው። ትምህርቱ የተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ አጋር ሆኖ ሠርቷል። ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት በመሆናቸው የፈቃዳቸውና የሥነ ምግባራቸው ጉዳይ የሚታየው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የራሱን ምክር ቤት እንዳቋቋመው እንደ ኬንያ ለብቻው ሳይሆን፣ ከሌሎች የጤና ሙያዎች ጋር በጤና ሚኒስቴርና በክልል ጤና ቢሮዎች በኩል ነው። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ የሚቀመጥ አባል ዛሬ የፊዚዮቴራፒስት፣ ነገ የነርስ፣ ከነገ ወዲያ የኦኩፔሽናል ቴራፒስት መዝገብ ሊቀርብለት እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ። ለመነሻ ያህል አዋጅ ቁጥር 661/2002ን እና ደንብ ቁጥር 299/2006ን ያንብቡ፤ ከእነርሱ በኋላ የተሻረውና የተሻሻለው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ደግሞ የቢሮውን የሕግ ባለሙያ በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተሰጠ የሕግ ማብራሪያ መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ሙያውን ሳያውቁ ባለሙያውን አይመዝኑ

ስሙ ራሱ ያሳስታል። አንዳንዶች «የሙያ ሕክምና» ብለው ይተረጉሙታል፤ ሰሚው ግን በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ የሚታከምበት ክፍል ይመስለዋል። በዚህ ሙያ «ኦኩፔሽን» የሚባለው ደመወዝ የሚያስገኘው ሥራ ብቻ ሳይሆን ሰው ቀኑን የሚሞላባቸው ተግባራት ሁሉ ናቸው፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ እንጀራ ቆርሶ መጉረስ፣ ቡና ቆልቶ ከጀበና መቅዳት፣ ልጅ ማዘል፣ ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረድ። ፊዚዮቴራፒስቱ በዋናነት የሚያተኩረው በእንቅስቃሴ፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ላይ ሲሆን፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ያ እጅ ወደ ተግባሩ እንዲመለስ፣ ካልተመለሰም ተግባሩ፣ መሣሪያው ወይም ቤቱ ለእጁ እንዲመች ያደርጋል። ሁለቱ የሚደራረቡበት ቦታ ሰፊ ነው፤ «ይህ የእኛ ነው» የሚለው ጭቅጭቅም የሚነሳው ከዚያው ነው።

ስትሮክ ቀኝ እጁን ያዛለበትን ሰው ያስቡ። በግራ እጁ መብላት ሲለማመድ የሚገጥመው ችግር የጣት ቅልጥፍና ብቻ አይደለም፤ ከቤተሰብና ከእንግዳ ጋር በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ በግራ እጅ መቁረስ ነውር መስሎ ስለሚሰማው ከማዕድ ይርቃል። ጥሩ ባለሙያ ይህን በግምገማው ጽፎ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ፣ ለብቻው የሚቀርብ ሳህን ወይም ሌላ መላ ያበጃል። ነገሩን የማያውቅ የቦርድ አባል ግን መዝገቡን ገልጦ «አራት ቀጠሮ ሙሉ መብላት ብቻ አስተማረው ማለት ነው?» ብሎ ሊስቅ ይችላል። ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ፈቃደኛ የሆነ ባለሙያ ሥራውን ሲያከናውን፣ ታካሚው ከፈቀደ፣ ለግማሽ ቀን ማየት ብዙ ገጽ ከማንበብ የተሻለ እንደሆነ አምናለሁ።

የፈቃድ ማመልከቻ ሲቀርብ ደግሞ መለኪያው በእጅዎ ይኑር። በ1952 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዓለም የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ባወጣው ዝቅተኛ የትምህርት መስፈርት መሠረት ተማሪ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በክትትል ሥር የተግባር ልምምድ ማድረግ አለበት። ከውጭ አገር የተማረ አመልካች ሲመጣ የሰዓቱን ብዛትና ልምምዱ የተደረገበትን ቦታ ይፈትሹ፤ ማረጋገጫውም ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ለቢሮው ይላክ እንጂ በአመልካቹ እጅ አይምጣ። ይህ አመልካቹን መጠርጠር አይደለም፤ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሥርዓት ከሆነ ማንም አይከፋበትም።

ወንበሩ የማን ነው?

ከሙያው የመጣ አባል የሙያ ማኅበሩ ወኪል እንደሆነ አድርጎ ማሰቡ የተለመደ ስሕተት ነው። ማኅበር ለአባላቱ ጥቅም ይቆማል፤ ተቆጣጣሪ ቦርድ የሚቆመው ለታካሚውና ለሕዝቡ ነው። በካሊፎርኒያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ቦርድ ከሰባቱ አባላት ሦስቱ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች፣ አንዱ ረዳት ባለሙያ፣ የቀሩት ሦስቱ ከሙያው ውጭ የሆኑ የሕዝብ አባላት ናቸው። በብሪታንያ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችን ከሌሎች ሙያዎች ጋር የሚቆጣጠረው ምክር ቤትም ግማሹ ከባለሙያ፣ ግማሹ ከሕዝብ ነው። የሕዝብ አባል ሆነው የተመረጡ ከሆነ «እኔ ምኑን አውቄ» ብለው ዝም አይበሉ፤ «ይህን ቃል በተራ አማርኛ ንገሩኝ» የሚለው ጥያቄ ከእርስዎ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

ባለሙያ ብቻ የተሰበሰበበት ቦርድ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ከአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ታሪክ መማር ይቻላል። የኖርዝ ካሮላይና የጥርስ ሕክምና ቦርድ ከስምንቱ አባላት ስድስቱ በሥራ ላይ ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። የጥርስ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ርካሽ የጥርስ ማንጫ አገልግሎት መስጠት ሲጀምሩ ቦርዱ በተከታታይ የ«አቁሙ» ደብዳቤ ላከ፤ ነገሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2015 እ.ኤ.አ. በገበያው ውስጥ ራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች የሚቆጣጠሩት ቦርድ መንግሥት በንቃት ካልተከታተለው በቀር ከፀረ ውድድር ሕግ ከለላ እንደማያገኝ ወሰነ። በአገራችን ሕጉ ሌላ ቢሆንም ፈተናው አንድ ነው። አንድ የማኅበረሰብ ተሐድሶ ሠራተኛ በገጠር ቀበሌ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ከእንጨት መቀመጫ ሲሠራ «ያለ ፈቃድ ሙያችንን ሠራ» የሚል አቤቱታ ቢመጣ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት «ልጁ ምን ጉዳት ደረሰበት? ሰውየውስ ራሱን ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ብሎ ጠርቷል?» ብለው ይሁን። ሁለቱም መልሶች «የለም» ከሆኑ አቤቱታው ስለ ገበያ እንጂ ስለ ታካሚ ላይሆን ይችላል።

በሚተዋወቅ ከተማ ውስጥ መፍረድ

ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ብትሆንም የጤና ባለሙያው ዓለም ጠባብ ነው። ቅሬታ የቀረበበት ሰው አብሮዎት የተማረ፣ የዕድርዎ አባል፣ ወይም እናትዎን ያከመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጉዳዩ መነሳትን እንደ ውርደት አይቁጠሩት። መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ግንኙነትዎን ይናገሩ፤ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ያድርጉ፤ ከዚያም ከክፍሉ ይውጡ። ጥግ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ መነሳት አይባልም፤ የፊትዎ መጥቆር ራሱ ድምፅ ነው። አባል ሲነሳ ምልዓተ ጉባኤው እንዳይጎድል ተለዋጭ አባላት አስቀድመው እንዲሰየሙ ይጠይቁ።

ቤትዎ የሚመጣውን ሰው በተመለከተ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘጋጁ፦ «ይህን ጉዳይ ውጭ መስማት አልችልም፤ ያለዎትን በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ ያስገቡ።» ቡናውን ያጠጡ፣ ወሬውን ግን አይቀበሉ፤ መጥተው እንደነበረም በማግሥቱ ለሰብሳቢው ያሳውቁ።

ከሁሉም የሚከብደው ሽምግልና ነው። በሲዳማ ባህል ሽማግሌዎች ሁሉን ወገን አዳምጠው እውነቱ እስኪወጣ የሚመካከሩበት አፊኒ የሚባል የከበረ ሥርዓት አለ፤ በሌላውም ማኅበረሰብ ሽማግሌ ልኮ ይቅር መባባል የታወቀ ነው። በዚህ መንገድ ታካሚዋና ባለሙያው ታርቀው «ቅሬታዬን አንስቻለሁ» የሚል ወረቀት ሊመጣ ይችላል። እርቁን ያክብሩ፤ ነገር ግን እርቁ የሚዘጋው በሁለቱ መካከል ያለውን ቂም ነው። ባለሙያው ነገ ለሚያክማት ሌላ ታካሚ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እርቁ ውስጥ የለም። መዝገቡን ለመዝጋት ከመስማማትዎ በፊት ይህ ጥያቄ ለብቻው ተመርምሮ ምላሹ በጽሑፍ ይስፈር።

ቅሬታን መስማት

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ጉዳይ እናስብ። እጇ በእሳት የተቃጠለ ሴት ጣቶቿ ተጨብጠው እንዳይቀሩ ስፕሊንት (እጅን በተገቢው አቀማመጥ የሚይዝ ድጋፍ) ተሠራላት፤ ከሳምንት በኋላ አንጓዋ ላይ ቁስል ወጣ፤ በሕመሙ ምክንያት ማድረጉን ተወችው፤ ጣቶቿም ተጨበጡ። ቅሬታዋ «እጄን አበላሸብኝ» የሚል ነው። አባሉ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት፤ ውጤቱ መጥፎ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አያሰኝም፣ ባለሙያው ደግ ሰው መሆኑም ጥፋቱን አይሽርም። ስፕሊንቱ ከተሠራ በኋላ የሚጫነው ቦታ ታይቷል? መቼ እንደሚወልቅና ምን ምልክት ሲታይ መምጣት እንዳለባት ተነግሯታል? የተነገራትስ በምትሰማው ቋንቋ ነው? ሲዳምኛ ብቻ ለምትናገር እናት በአማርኛ የተሰጠ ምክር እንደተሰጠ መቁጠር ያስቸግራል። ቀጠሮ ነበራት? ማስታወሻው የተጻፈው በዕለቱ ነው ወይስ ቅሬታው ከመጣ በኋላ? የቀለሙና የቀኑ አለመመሳሰል ካጠራጠረዎት በግልዎ ሆስፒታል ሄደው አይመርምሩ፤ ዋናው መዝገብ እንዲቀርብ ቦርዱ በደብዳቤ ይጠይቅ።

ባለሙያው የቅሬታውን ቅጂ አግኝቶ መልስ ለመስጠት በቂ ጊዜ ይሰጠው። ታካሚዋ ስትቀርብ ደግሞ አስተርጓሚው የእርሷም የባለሙያውም ዘመድ አይሁን። የመሰብሰቢያ አዳራሹንም ያስቡበት፤ አካል ጉዳተኞች ዕለታዊ ተግባራቸውን እንዲያከናውኑ የሚያግዝ ሙያን የሚቆጣጠር ቦርድ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ በዊልቸር የመጣችውን ሴት «ወደ ላይ ይምጡ» ቢል ያሳፍራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያዘዘው ለዚህ ነው። ምድር ቤት ያለ ክፍል ይፈለግ።

ውሳኔውና ጽሑፉ

ቅጣት ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠን። የዕውቀት ጉድለት ሲሆን ሥልጠናና በክትትል ሥር መሥራት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ያልተሰጠን ሕክምና እንደተሰጠ አድርጎ መፈረም ግን የሐቀኝነት ጉድለት ነውና በሥልጠና አይታለፍም። ጊዜያዊ እገዳ ምርመራው እስኪያልቅ ታካሚን ለመጠበቅ የሚወሰድ እርምጃ እንጂ ቅጣት አይደለም፤ ቀኑ ተገድቦ ይጻፍ።

ውሳኔው ሲረቀቅ «ቦርዱ ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ ጥፋተኛ ሆኖ አግኝቶታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ ካነበቡ አይፈርሙ። ቅሬታው ምን እንደነበር፣ ባለሙያው ምን እንደመለሰ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደታመነና ለምን፣ የተጣሰው አንቀጽ የትኛው እንደሆነ፣ ከዚህ ቅጣት ያነሰው ለምን እንዳልበቃ፣ ይግባኝ በስንት ቀን ለማን እንደሚቀርብ በየአንቀጹ ይጻፍ። በሐሳብ ከተለዩ ልዩነትዎን በሁለት በሦስት መስመር አስፍረው ይፈርሙ፤ ውጭ ወጥተው ግን «እኔ እንኳ አልተስማማሁም» አይበሉ። ደብዳቤው ለባለሙያው በሚላክበት ቀን ለቅሬታ አቅራቢዋም ይላክ፤ በብዙ ቦታ የሚረሳው የእርሷ ቅጂ ነው። ቤት ይዘው የሄዱትን የመዝገብ ኮፒ ለጽሕፈት ቤቱ መልሰው ያስፈርሙ፤ በስልክዎ ያነሱት ፎቶ ካለም እዚያው ያጥፉት።